አንገቱን ዝቅ ያደረገው ንስር

ለተጠለፈ ንስር ዘውድ መጨመር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ጭንቅላቱ እዚያ ነው፤ ከጭንቅላቱ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፤ በወርቃማ ክር ሦስት ጫፍ ያለው ዘውድ መጥለፍ ነው፣ በቃ። እኔም ወይዘሮ ጌኒያን እስካውቃቸው ድረስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሙሉ ስማቸው ጌኖቬፋ ነው። የሚኖሩት ከእኔ በታች ባለው አንደኛ ፎቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን መንገድ በሚያይ ቤት ነበር። በከተማችን በዛቬርቤ በክብረ በዓል የሚወጣ ሰንደቅ ሁሉ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው፤ የደብሩም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የንብ አናቢዎቹም። በአንዱም ላይ ግን ስማቸው የለም። ጥልፍ ሠሪ አይፈርምም።

በ1990፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምለው፣ የፖላንድ መንግሥት በአገሪቱ ዓርማ ላይ ላለው ንስር ዘውዱን መለሰለት። ኮሚኒስቶቹ ከአርባ ዓመት በላይ ራሱን ባዶ አድርገው አኑረውት ነበር። በዚያ ክረምት ዘውድ የሌለው ንስር ያለው ሁሉ ሰንደቁን ጠቅልሎ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ የወይዘሮ ጌኒያን በር አንኳኳ። ኮሪደሩ በንስር ተሞላ። አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አያለሁ፤ ወንበር ላይ፣ አልጋ ላይ፣ በምድጃው ዙሪያ ነጫጭ ክንፎች ተዘርግተዋል። ወፎቹ ከረጅም በረራ መጥተው ያረፉ ይመስል ነበር።

ያስቸገረው የእሳት አደጋ ማኅበሩ ንስር ነው። ያንን በ1958 የጠለፈው ሌላ ሰው ነበር፤ ዘውድ ተመልሶ ይመጣል ብሎ በሕልሙም ስላላሰበ የንስሩን ጭንቅላት ኩሩ እንዲመስል ብሎ ወደ ላይ፣ እስከ ዘርፉ ጫፍ ድረስ ሰቅሎታል። ለዘውድ የቀረው ቦታ የጣት ጥፍር አያህልም።

“ወይዘሮ ጌኒያ፣ ዘውዱን ትንሽ ያሳንሱትና ይለፍ” አሉ የማኅበሩ አለቃ አቶ ዝድዚስዋቭ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ።

“አሳንሼው ምን ልለው ነው? የጠርሙስ ክዳን?”

“ከሩቅ ማን ያያል!”

“እሳትም ከሩቅ አይታይም አሉ፣ እናንተ ከጠጣችሁ።”

አለቃው ሳቁና ሰንደቁን ትተው ሄዱ። ከዚያ ወይዘሮ ጌኒያ ያደረጉትን ጎናቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ስናገረው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የጭንቅላቱንና የአንገቱን ክር አንድ በአንድ ፈቱ። ክሩ ሲፈታ በሐሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ናቸው። የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍልተው ሐሩን በእንፋሎቱ ላይ ያዙት፤ ጠብ የሚል ውሃ እንዳይነካው ግን ከፍ አድርገው ነው። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያሉ አሹት። የሐሩ ክሮች ተንቀሳቅሰው ቀዳዳዎቹን ደፈኗቸው! ሐር የሚያስታውሰውም የሚረሳውም በሙቀት ነው። ቀጥለው ለአንገቱ እብጠት የሚሰጠውን ጥጥ እንደገና አስቀመጡ፤ አሁን ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ታችና ወደ ጎን አጎንብሰው ነው። በላዩ ላይ ላባውን ጠለፉ። ቦታ ተገኘ። ዘውዱ ገባ።

ንስሩ ግን ሌላ ንስር ሆነ። አንድ ነገር እንዲያዳምጥ የታዘዘ ይመስላል።

“ማንም አያውቅም” አሉኝ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። “ዘውዱን ነው የሚያዩት።”

ደግሞም ማንም አላወቀም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወይዘሮ ጌኒያን ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ እየወረድኩ መርፌዎቻቸው ላይ ክር ማስገባት ጀመርኩ፤ ሃያ መርፌ በየቀለሙ አዘጋጅቼ በትንሽ ትራስ ላይ እሰካለሁ፣ እሳቸው ቀለሙን በቦታው ለይተው ያነሳሉ። ጥልፉን የሚሠሩት በግማሽ በዓይን በግማሽ በጣት ነበር። ምን እንደሚታያቸው ስጠይቃቸው አይሰለቹም።

“ወተት ነው፣ ሚራ። ከተማው ሁሉ ወተት ውስጥ ነው። የመንገድ መብራት እንደ ብናኝ አበባ ይበተናል። አንቺ ራስሽ ስትገቢ መጀመሪያ ሹራብሽ ይገባል፣ ቆይቶ ድምፅሽ ይከተለዋል።”

ይህን ሲሉ ፈገግ ይሉ ነበር። እኔም እሳቸው ቤት ስሆን ነገሮች ቀስ የሚሉ፣ ጠርዛቸው የሚለሰልስ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ መኸር የደብራችን ቄስ አባ ቪቶልድ የወይዘሮ ጌኒያን የመጨረሻ የሰንደቅ ሥራ ይዘው መጡ። ደብራችን አዲስ ሰንደቅ ፈልጓል፤ ፊቱ ላይ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ጀርባው ላይ ዘውድ የጫነ ንስር፣ ከንስሩ ሥር “ልጆቿን የምትቀበል አገር” የሚል ጽሑፍ። ዲሴምበር ስምንት፣ በእመቤታችን የፅንሰት በዓል፣ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክለው ሕግ እንዲጸድቅ እየተጸለየ በዑደት ይወጣል። ሕጉ በዋርሶ እየተረቀቀ ነበር፤ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ወይዘሮ ጌኒያ ሥራውን በደስታ ተቀበሉ። አንድ ነገር ግን ለመኑ።

“አባ፣ በዚህኛው ሪባኑን እኔ እይዛለሁ።”

በደብራችን ሰንደቅ ሲወጣ ከላይ ሁለት ረጃጅም ሪባኖች ይወርዳሉ፤ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ጫፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰንደቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የቀኙ ሪባን የሠራችው ሴት ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም፣ እሷ ወድዳ ካልሰጠች። ወይዘሮ ጌኒያ ሃያ ሦስት ሰንደቅ ሠርተው ሃያ ሦስት ጊዜም ለሌላ ሰጥተዋል። ትሕትና ነው እንል ነበር።

“ጊዜውም አልፎበታል” አሉ አባ ቪቶልድ፣ በልባቸው ደስ ብሏቸው። “የእርስዎ ነው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ጌኒያ ስለ ሪባኑ እንደ ሙሽራ ያወሩ ነበር። በአገራችን ስመ ጥር የሆነው የሚላኑቬክ ከተማ ሐር ካልሆነ አይሆንም አሉ፤ ከስንት ዓመት በፊት ያስቀመጡትን ከቁም ሳጥን ሥር አወጡ። በጣታቸው ላይ ጠምጥመው በመስኮቱ ብርሃን ይይዙታል። “ይሄ እንኳ ይታየኛል” ይላሉ።

በኖቬምበር አጋማሽ ቦዠና መጣች። ቦዠና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የወይዘሮ ጌኒያም የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ከመጻሕፍት ቦርሳዋ የተሰመረ ወረቀት አውጥታ በክሮቹ መካከል አስቀመጠች።

“እንዳትደነግጪ፣ ጌኒያ። ፊርማ ነው። በሕጉ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ የሚል።”

“ደግፉት ነው ወይስ ተቃወሙት የሚለው?”

“አንዱንም አይልም። ሰው ይጠየቅ ነው የሚለው።”

“ተጠይቀው ምን ሊሉ?”

“እሱንማ ሲጠየቁ ይናገራሉ! አንቺ ደግሞ መልሱን ሳትሰሚ ትሰፊበታለሽ።”

“ስም ብቻ ነው?”

“ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር። ወረቀቱ ሰው መጽሐፍ በሚዋስበት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሉም ያየዋል። ተደብቆ የሚፈረም ከሆነ ምን ፊርማ ነው?” ቦዠና ካፖርቷን ቆለፈች። “ነገ እመለሳለሁ። ካልፈረምሽም መጽሐፍ አልከለክልሽም።”

“ማንበብ ትቻለሁ።”

“ታዲያ ምን ታጫለሽ!” አለችና ስቃ ወጣች።

ወረቀቱ እዚያው ቀረ። እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባቴን ቀጠልኩ፤ ነጭ፣ ብርማ፣ ነጭ። ከዚያ ወይዘሮ ጌኒያ የሌላ ሰው ታሪክ በሚናገሩበት ድምፅ ነገሩኝ።

“በ1962 ወደ ወረዳው ከተማ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አምስት ነፍስ በአንድ ክፍል ነበርን፤ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እኔ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አማቴ ስታስል። ስድስተኛውን የማስተኛበት ቦታ አልነበረኝም። ያኔ ሕጉ ይፈቅዳል። ሐኪሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስኩ። የፖም ዛፎቹ አብበው ነበር። በመስኮቱ እስከ ቤት ድረስ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።”

“ተጸጸቱ?”

“አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን አይ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ‘ዘንድሮ ስንት ዓመቱ ይሆን ነበር’ ብዬ እቆጥርና አማቴ ስታስል ትሰማኛለች። ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል ጥለፊው ቢሉኝ ቃሉ የለኝም።” ሪባኑን አነሱ። “ለአባ ኢግናሲ ተናዘዝኩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቀኖና ሰጡኝ፤ ለእመቤታችን አንድ ሰንደቅ ጥለፊ አሉኝ። ያኔ የትራስ ጨርቅ እንጂ ሰንደቅ ጠልፌ አላውቅም። ያቺ ሰማያዊዋ ናት።”

ሰማያዊዋን የማያውቅ ዛቬርቤ ውስጥ የለም። የመጀመሪያ ቁርባናችንን የተቀበልነው በእሷ ሥር ቆመን ነው፤ እኔም በነጭ ቀሚስ። እጄ ላይ የነበረው መርፌ ቆመ።

“አባ ኢግናሲ ያን ቀን ፈቱኝ። እኔ ራሴን የፈታሁት ግን ዘንድሮ ነው፣ ሚራ። ሪባኑን የምይዘው ለዚያ ነው። እኔና የሠራሁት ነገር በአንድ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንድንሄድ። ዓይኔ ሳይጠፋ።”

“እንግዲያው አይፈርሙ” አልኳቸው። እውነቴን ነበር። “ከፈረሙ ሪባኑን አይሰጡዎትም።”

“አውቃለሁ።” ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ መስመሮቹ የሚዳሰሱ ይመስል። “ድሮ ሲከለከል ልጅ ነበርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሲፈቀድም አልጠየቁኝም። አሁን ሊከለክሉ ነው፣ አልጠየቁኝም። አገሬ ስለ እኔ ሦስት ጊዜ ስትወስን አንድ ቀን እንኳ በሬን አላንኳኳችም። ለዘውድ ብቻ ነው የምታንኳኳው።”

በማግስቱ ቦዠና ስትመጣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቦታውን አሳየቻቸው። ጌኖቬፋ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ እንደ ጥልፍ የተመጠኑ ነበሩ። በሕይወታቸው ሰው ሁሉ በሚያየው ነገር ላይ ያኖሩት የመጀመሪያ ስም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ወሬው ዳቦ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

“ፈረመች አሉ።”

“ማን?”

“ጥልፍ ሠሪዋ! ጌኒያ!”

“በስመ አብ! የእመቤታችንን ፊት በጠለፈችበት እጅ?”

“በምን ትፈርም ታዲያ፣ በእግሯ?”

“አይ፣ እኔ የምለው ፖላንዳዊት ሴት ሆና...”

“አንቺ ዳቦሽን ግዢና ሂጂ፤ ፖላንዳዊነት ስትሰብኪ ሰልፉ ቆሟል።”

አባ ቪቶልድ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ሠላሳ አምስት የማይሞላቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ በወታደራዊው አዋጅ ዘመን ገና ተማሪ ሳሉ የታገደውን የሠራተኞች ማኅበር በራሪ ወረቀት በልብሳቸው ውስጥ ያሳልፉ ነበር፤ ድብቁን ኪስ የሰፉላቸው ወይዘሮ ጌኒያ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ተዋደው ነው የተቀመጡት። ሻይ በብርጭቆ አቀረብኩ፤ የፓፒ ፍሬ ኬክም ነበር። ልወጣ ስል ወይዘሮ ጌኒያ “ተቀመጪ፣ ክር አልጨረስሽም” አሉኝ።

“ወይዘሮ ጌኒያ፣ እርስዎን ልቆጣ አልመጣሁም” አሉ አባ። “ግን ያ የድሮው ፈቃጅ ሕግ የማን ነበር? ከኮሚኒስቶቹ ጋር ከምሥራቅ ተጭኖብን የመጣ ነው። አሁን አገሪቱ ራሷን አገኘች፤ ዘውዷ ተመለሰ። ነፍሷስ አይመለስም?”

“ሕጉ ከምሥራቅ መጣ እንበል፣ አባ። እኔስ ከየት መጣሁ?”

“እርስዎማ የእኛ ነዎት! ያቺን ሰማያዊ ሰንደቅ ብቻ ቢያስቧት...”

“እሷንማ አስቤያታለሁ።”

አባ ብርጭቆውን አዞሩት። “አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ‘ፊርማዬን አንስቻለሁ’ ይበሉ፣ ለቦዠና አደርሳለሁ። ሪባኑ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ሴቶቹን ምን እላቸዋለሁ? ሰንደቁ አንድ ነገር እየተናገረ የሠራችው ሌላ እየተናገረች።”

“የእሳት አደጋዎቹን ንስር ያውቁታል?”

“በየዓመቱ እባርከዋለሁ እንጂ።”

“አንገቱን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። ለዘውዱ ቦታ ስላልነበረ።”

“አላስተዋልኩትም።”

“ማንም አያስተውለውም። እኔ ግን በወጣ ቁጥር አየዋለሁ። ከወተቱ ውስጥ ሳይቀር።” የሪባኑን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ለክተው አሳዩአቸው። “ይቺን ታህል ናት። እርስዎም አሁን የሚጠይቁኝ ይቺኑ ነው።”

አባ ቪቶልድ ኬካቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ በሩ ላይ “እንግዲያው ሪባኑን ለወይዘሮ ሃሊና እሰጣለሁ” አሉ። ሃሊና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ናቸው።

“ሰንደቁ ማክሰኞ ያልቃል” አሉ ወይዘሮ ጌኒያ።

ማክሰኞ አለቀ። የዚህኛው ንስር አንገት ቀጥ ያለ ነበር፤ ከራሱ በላይ ለዘውዱ የሚበቃ ሰፊ ቦታ ትተውለት ነበር። ሪባኖቹን ራሳቸው ሰፍተው፣ በቀጭን ወረቀት ጠቅልለው ላኩት። ከዚያ ሁለት ቀን አልጋቸው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ዲሴምበር ስምንት ቀትር ላይ ውሃ ያዘለ በረዶ ይጥል ነበር፤ መሬት ሳይደርስ የሚሟሟው ዓይነት። በመስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መዝሙሩ ከወንዙ በኩል መጣ፣ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ቆይቶ እንደ ሰው። ሰንደቁ በመታጠፊያው ብቅ ሲል ወይዘሮ ጌኒያ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

“ነጭ ነገር ይዋኛል። እሱ ነው?”

“እሱ ነው።”

“ቀጥ ብሏል?”

“ቀጥ ብሏል።”

“ሪባኑን ማን ያዘው?”

አየሁ። የግራው በአንዲት ሴት እጅ ነው። ወይዘሮ ሃሊና በቀኝ በኩል እየሄዱ ነበር፤ እጃቸው ግን ባዶ ነው። በኋላ ጓንቱ አሟልጮኝ ነው ብለዋል፤ ከኋላቸው ያለችው ሴትም፣ ከእሷም ኋላ ያለችው፣ ሁሉም ጓንት አድርጌ ነበር ብለዋል። እኔ የማውቀው አንዷም ጎንበስ እንዳላለች ነው። ከሕጉ ጋር የሚስማሙ ሴቶች ነበሩ፤ ስለ ሕጉ ጸልየዋል። የሠሪዋን ሪባን መንካት ግን ሌላ ነገር ነው።

“ማንም አልያዘውም” አልኩ።

“እንዴት ማንም?”

“መሬት ይጎተታል።”

“በዚህ ጭቃ?! የሚላኑቬክ ሐር?!”

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሕልም ውስጥ እንዳለ ነው የሚታየኝ። ካፖርት አልደረቡም፤ መሐረብ አላሰሩም። በቤት ጫማቸው፣ መወጣጫውን በእጃቸው እየዳበሱ ደረጃውን ወረዱ፤ እኔ ኋላቸው። ወደ መንገዱ ወጥተው በበረዶው መሀል በቀጥታ ወደ ነጩ ነገር ሄዱ። ዘማሪዎቹ ለሁለት ተከፈሉላቸው። ጎንበስ ብለው፣ በጣታቸው መሬቱን ዳስሰው ሪባኑን አገኙት፤ ጭቃውን በሹራባቸው ጠረጉና ደረታቸው ላይ ያዙት።

“እቃ እንዲህ ይያዛል?” አሉ ለማንም ሳይሆን። “ሰው በልጅነቱ አልተማረም?”

ሰንደቁ ቆሞ ነበር፤ ቆሞ መቅረት ግን አይችልምና ሄደ። እሳቸውም አብረው ሄዱ፤ ሪባኑ ካልተለቀቀ ሌላ ምን ይደረጋል? በቤት ጫማ፣ ራሳቸው ባዶ፣ ሽበታቸው ላይ በረዶ እያረፈ፣ በቀኝ በኩል፣ በሠሪዋ ቦታ። አባ ቪቶልድ ዘወር ብለው አዩ። መዝሙሩን አንድ ቃል አጎደሉት፤ ከሁለተኛው ቃል ቀጠሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሰንደቁን ለማስገባት ምሰሶውን ሲያዘነብሉ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

“መስመሯን አልጻፍኩም፣ አባ።”

“አውቃለሁ።” አባ ወደ ታች አዩ። “እግርዎ ረጥቧል። ይግቡ፣ ብርድ ነው።”

ገቡ።

በጃንዋሪ ሕጉ ጸደቀ። ፊርማዎቹ በሳጥን ተጭነው ወደ ዋርሶ ሄዱ፤ ከሚሊዮን በላይ ነበሩ አሉ፤ ማንም ግን ማንንም አልጠየቀም። ቦዠና ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍቱን ዘግታ ተኛች። ወይዘሮ ጌኒያ ዜናውን ከሬዲዮ ሲሰሙ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። “ያው” አሉ። ሬዲዮውን አጠፉና ለአቶ ዝድዚስዋቭ እንድደውል አዘዙኝ።

የእሳት አደጋ አለቃው ሰንደቃቸውን ጠቅልለው መጡ።

“ምን ሆነ፣ ብል በላው?”

“አንገቱን ላቃና ነው። ዘውዱ ሊያንስ ነው።”

“እንዴ! የጠርሙስ ክዳን ይሆናል ብለው አልነበር?”

“ይሁን!”

አለቃው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩ፤ ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሃያ መርፌ፣ ነጭ፣ ብርማ፣ ነጭ። ወይዘሮ ጌኒያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጫፍ የጎበጠውን ቦታ ፈልገው አገኙና የመጀመሪያውን ክር ፈቱ።